አንድ ምድጃ ከሰል

ጥቅምት ገብቶም ጅማ ላይ ዝናቡ አልሄደም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትደውልና «እዚህ ሰማዩ ጠርቷል፣ እናንተጋስ?» ትለኛለች። ምንም ሳልመልስ ስልኩን ወደ በረንዳው አወጣላታለሁ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ሰምታ ትስቃለች። በቀን መቁጠሪያው መጸው መስከረም 26 ይገባል። የጅማ ሰማይ ግን ቀን አይቆጥርም። ጠዋት ጭጋግ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ልብስ አጥበን እናሰጣለን። ከሰዓት እየሮጥን እናነሳለን።

ይህን ወቅት ከልቤ እወደዋለሁ። ዱባ የሚደርሰው አሁን ነው። እሸት ስንጠብሰው የነበረው በቆሎ ደርቆ ዱቄት የሚሆነው አሁን ነው። በየጓሮው ቡናው መቅላት ይጀምራል። ሂርማታ ገበያ ስትሄዱ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ የኮባ ቅጠሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ብርዱም የሚከፋ አይደለም። እግርን ከፍ አድርጎ ጋቢ ለብሶ የሚያስቀምጥ ብርድ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ቤት ውስጥ የሚበስል ነገር ሽታው ብቻ ግማሽ ምግብ ነው።

ችግሩ ኑሮው ነው። አስቤዛ እንዴት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። ዘይቱም፣ ሽንኩርቱም፣ ዱቄቱም እናንተ ቤት እንዳለው ነው። ለብዙ ጊዜ ቁጠባ ማለት ርካሽ መግዛት ይመስለኝ ነበር። የትኛው ጉሊት ላይ ሽንኩርት ቀንሷል፣ የትኛው ወፍጮ ቤት ዱቄት ይሻላል እያልኩ በባጃጅ ስመላለስ ለትራንስፖርት የማወጣው ያተረፍኩትን ይበላው ነበር። አሁን ሌላ ነገር ነው የማምነው። በእኛ ቤት ትልቁ ብክነት ገበያ ላይ አልነበረም። እሳቱ ላይ ነበር።

ይህን የተማርኩት በኬክ ነው። ዓምና በዚሁ በጥቅምት የትልቋ ልጄ ልደት ነበር። ካፌ ኬክ ማዘዝ አቅሜ አልፈቀደም። ስለዚህ ቤት እጋግራለሁ አልኩ። አንድ ዘመዴ የኤሌክትሪክ ኦቨን አዋሰችኝ። ስድስት እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ነጭ ዱቄት ገዛሁ። ለወሩ ያሰብኩትን ብር ነበር ያወጣሁት። ኬኩ ገብቶ አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው መብራት ሄደ። ጠበቅን። ሰዓት አለፈ። ከፍቼ ሳየው መሃሉ ረግቧል፣ ዳሩ ደርቋል፣ ውስጡ ሊጥ ነው። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። እያየችኝ እንባዬ መጣ።

ከጎናችን የሚኖሩ እናት አሉ። ግቢው በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። የጅማ ተወላጅ ናቸው፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወራሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በከሰልና በማገዶ ነው ያበሰሉት። የእኔን ድምፅ ሰምተው መጡ። ኦቨኑን አይተው ምንም አላሉም። «ሊጡን በድስት አድርጊና አምጪልኝ» አሉኝ ብቻ። ምድጃቸው ላይ የቡና ፍም ነበር። ከድስቱ በላይ ብረት ምጣድ ገጠሙ። ግማሹን ፍም በመቆስቆሻ አንስተው ምጣዱ ላይ ደረደሩ፣ ግማሹን ከታች ተዉት። ከመሸ በኋላ ሻማ የተሰካበት ነገር በላን። ኬክ ይባል ዳቦ ይባል አላውቅም። ልጄ ግን እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ጋ ቁጭ ብዬ እሳት ማየት ጀመርኩ። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ ነበር ከሰል የማያይዘው። ጠዋት ለቡና፣ ቀን ለምሳ፣ ማታ ለራት። እያንዳንዱ ጊዜ ፍሙ ገና ደምቆ ሳለ ሥራዬ ያልቃል። የቀረው ለማንም ሳይሆን ይከስማል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሦስት ሳምንት አይሞላኝም ነበር። እማማ ግን አንዴ ያያዙትን እሳት እስከ አመዱ ድረስ ይከተሉታል። እሳቱ ሲበረታ የሚበረታውን ያበስላሉ፣ ሲደክም የሚደክመውን። እኔም አሁን እንደዚያ አደርጋለሁ። የእኔ አንድ ማዳበሪያ ከወር ያልፋል።

ደግሞ ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። እዚህ አካባቢ ቡናው የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ያን ዛፍ እያከሰልን ቡናውን መውደድ አንችልም። ሌላ ማገዶ የሌለው ሰው ቢያንስ ያነደደውን ሳያባክን ይጠቀምበት።

ቅዳሜዬን ልንገራችሁ።

ሥራው የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። በቆሎ፣ ባቄላና ሽምብራ አጥቤ እዘፈዝፋለሁ። ይህን የማትዘሉት ነገር አድርጉት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ94 ገደማ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬ ከቆላ ይልቅ እኛ ጋ ለመብሰል ጊዜ ይፈጅበታል። ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ከሰላችሁን ይጨርሰዋል። ሌሊቱን ውሃ የጠጣ ሽምብራ ግን እሳቱን አይለምንም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰሉን በረንዳ ላይ አያይዛለሁ። እዚህ ላይ ከልቤ አንድ ነገር ልበል። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ተዘግቶ ክፍል ውስጥ አታድርጉ። ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ሰውን የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በረንዳ ከሌላችሁ በርና መስኮት ክፈቱ። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን በጭራሽ።

እሳቱ ገና ሲንበለበል የንፍሮው ድስት ይጣዳል። ድስቱ ሙሉ ይሁን፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። በደንብ ይንተክተክ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ እንዳለ አወርደውና በአሮጌ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ከሥሩ ካርቶን፣ ከላዩ ጋቢ፣ ከዚያ በላይ ብርድ ልብስ። ቅርጫት ውስጥ አስቀምጬ እረሳዋለሁ። ሙቀቱ መሄጃ ስላጣ ራሱን ያበስላል። ሦስትና አራት ሰዓት ቆይቶ ስትከፍቱት ባቄላው በጣት ይፈርጣል። በቆሎው ከጠነከረባችሁ መጨረሻ ላይ ትንሽ መልሳችሁ ጣዱት። ያለ ከሰል የበሰለ ምግብ ነው። መጀመሪያ ሳደርገው ባለቤቴ «ድስቱ ታመመ እንዴ?» አለኝ። አሁን እሱ ነው የሚጠቀልለው። ቦሎቄ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሳት ላይ ረዘም አድርጋችሁ አንተክትኩት። ሳይንተከተክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብቻ የቆየ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል።

ንፍሮው እንደወረደ የዱባው ተራ ነው። ዱባ የዚህ ወቅት ትልቁ ስጦታ ነው እላለሁ። ሳይቆረጥ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ወራት ይቆያል። ገበያ ላይ ሙሉውን መግዛት ከከበደ ቁራጭ ይሸጣሉ። እኔ ሙሉ ነው የምገዛው፣ ከእማማ ጋር ለሁለት እንካፈላለን። ገሚሱ ለወጥ፣ ገሚሱ ለዳቦ፣ ፍሬው ታጥቦ ደርቆ በጨው ይቆላል። ልጆቹ ከብስኩት አስበልጠው ይበሉታል።

የዱባ ወጥ ብዙ ሽንኩርት አይፈልግም። ዶሮ ወጥ እንደምንሠራ ሽንኩርት ማቁላላት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ዱባ ራሱ ወጡን ያወፍረዋል። ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ በርበሬ። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይገባ ቀድሞ ይብሰል፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት። ዘይቱ በኋላ ይገባል። እንዲህ ከተደረገ ግማሽ ዘይት ይበቃል። ዱባውን ወፈር ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ትንሽ ከሆነ ይሟሟል። ሊወርድ ሲል ኮረሪማ።

ኮረሪማን እንዲህ በአንድ ቃል ማለፍ አልችልም። የዚህ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ስመጣ ምን ላምጣ ብላቸው ሁለት ነገር ነው የሚያዙኝ፣ ማርና ኮረሪማ። የተፈጨውን አትግዙ። ደረቁን ፍሬ ከነቅርፊቱ ግዙ። ስትፈልጉ ሁለት ሦስቱን ሰብራችሁ ውስጡ ያለውን ፍሬ አውጡና ቡና መውቀጫችሁ ላይ ውቀጡት። ያን ጊዜ ነው ቤቱ የሚያውደው። አንድ ፍሬ ኮረሪማ ርካሽ ወጥ ላይ የሚሠራውን አንድ ኪሎ ሥጋ አይሠራውም። ይህን ስል የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን አምኜ ነው የምለው።

አሁን ዳቦው። ልጅ ሆኜ እናቴ ድፎ ስትጋግር በዓል ነበር የሚመስለኝ። አሁን ለተራ ቅዳሜ እጋግራለሁ። የስንዴ ዱቄት ውድ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ስንዴ አላደርገውም። ግማሽ ኪሎ ስንዴ፣ ሩብ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፣ ሁለት ሲኒ ተቀቅሎ የተደቆሰ ዱባ። የበቆሎው ዱቄት ብቻውን ሊጥ ሆኖ አይለጠጥም። የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠው፣ አየሩን ይዞ እንዲነፋ የሚያደርገው ነገር በበቆሎ ውስጥ ስለሌለ ነው። ለዚህ ነው ስንዴው ሁልጊዜ እንዲበልጥ የማደርገው።

እማማ ያሳዩኝ ዘዴ ደግሞ አለ። የበቆሎ ዱቄቱን ለብቻ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ በማንኪያ አማስሉትና ይቀዝቅዝ። ከዚያ ነው ከስንዴው ጋር የሚገናኘው። ይህን ካላደረጋችሁ ዳቦው በማግስቱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ካደረጋችሁ ግን እስከ ሰኞ ለስላሳ ነው። ዱባውም እርጥበት ይሰጠዋል፣ መልኩንም ወርቅ ያደርገዋል። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ። ውሃ በጥንቃቄ ጨምሩ፣ ዱባው ራሱ ውሃ አለው።

በብርድ ሊጥ ይሰንፋል። ቀን ሞቅ ሲል በአንድ ሰዓት የሚነፋው ጥቅምት ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊወስድበት ይችላል። አትቸኩሉ፣ እርሾም አትጨምሩ። እኔ ጠዋት ከሰሉን ከማያያዜ በፊት አቡክቼ፣ እሳቱ ሲቀጣጠል ከምድጃው አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ንፍሮውና ወጡ እስኪያልቁ እሱ በዚያች ሙቀት ይነሳል። እሳቱ እየሠራ ሊጡንም ያሞቃል ማለት ነው።

የድስቱ ሥርና ጎን ኮባ ይነጠፍበታል። ኮባ ከሌለ የሙዝ ቅጠል፣ ጅማ ላይ ጎረቤት ጓሮ አይጠፋም። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ አድርጋችሁ ካለፋችሁት አይሰበርም። ሊጡ ይገባል፣ ከላይ ቅጠል፣ ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ ብረት ምጣዱ፣ ምጣዱ ላይ ፍም። ከታች ያለው ፍም ከላይ ካለው ማነስ አለበት። መጀመሪያ ጊዜ እኩል አድርጌ ሥሩን አሳርሬዋለሁ። ጠዋት ካያያዝኩት ላይ የምጨምረው ከሰል ካለ እዚህ ጋ ነው፣ አንድ እፍኝ። አርባ ደቂቃ ገደማ በኋላ ቅጠሉ ሲጠበስ የሚሸት ሽታ አለ። ያን ሽታ በቃል ልነግራችሁ አልችልም። የበላ ያውቀዋል። አውጥታችሁ ሥሩን በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ነገር እንደመታችሁ ከጮኸ በስሏል።

ዳቦው ሲወጣ ከምጣዱ ላይ ያለው ፍም ተመልሶ ምድጃው ውስጥ ይገባል። ለቡና። እማማ ቡናን በነበልባል ሲቆላ ማየት አይወዱም። ውጪው ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል ይላሉ። በደከመ ፍም ቀስ ብሎ የተቆላ ቡና ውስጡም ውጪውም አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ከዚያም ከበራቸው ሆነው «ኮቱ፣ ቡነ ዱጊ» ብለው ይጣራሉ። ነይ ቡና ጠጪ ማለታቸው ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን እኔ ነኝ የምጣራው። የእኔን ተራ አድርጌዋለሁ።

ስለ ጾሙም ልንገራችሁ። እናቴ የጽጌን ጾም ትጾማለች፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን። እማማ ሙስሊም ናቸው። ሥጋ ሲሆን ድስታችን ይለያያል፣ እነሱ የእኛን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ማንም አይቀየምም። የዱባ ወጥ፣ ንፍሮና የኮባ ዳቦ ግን ማንንም አይለይም። ስለዚህ በዚህ ወቅት ግቢያችን ውስጥ ሳህን ይዞራል። ሀብታም ሳምንት ላይ ከምንሠራው ምግብ ይልቅ በዚህ በርካሹ ነው አንድ ገበታ ላይ የምንቀመጠው። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ከትንሿ በርጩማ ጀምሮ ያለው መቀመጫ ሁሉ አልቆ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። የአንድ ዱባ፣ የአንድ ድስት ንፍሮና የአንድ ዳቦ ነገር ነው። እኔና ባለቤቴ ካፌ ገብተን ሁለት ኬክና ሁለት ማኪያቶ ብንጠጣ የምናወጣው ከዚያ ብዙም አያንስም።

ቶና ሲደርስ እሳቱ ረመጥ ሆኗል። አሁን እንኳ አላለቀም። ስኳር ድንች ከነልጣጩ ረመጡ ውስጥ እቀብራለሁ። ጎደሬ ግን ረመጥ ላይ አላምነውም፣ ቀቅዬ ነው የምሠራው። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል። ጥሬውን ስትልጡም እጅ ይበላል፣ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ ልጡት። ስኳር ድንቹ እንዲያ ተቀብሮ ልጆቹ እግራቸውን እስኪታጠቡ ይቆያል። የሚታጠቡበት ውሃም እዚያው ረመጥ ላይ ነው ለብ ያለው።

ዛሬም እንዲሁ ነበር። እሩብ ዳቦና አንድ ጭልፋ ወጥ በሳህን አድርጌ በትንሹ ልጄ ወደ እማማ ላክሁ። ቡናው ላይ አልመጡም ነበር፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው፣ ብርዱ ጠንክሮባቸዋል። ልጁ ቆየ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ሳህኑን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ። ሳህኑ ውስጥ ሦስት አቮካዶ አለ።

«እማማ ምን አሉ?» አልኩት።

«ፍሙ አልጠፋ ከሆነ ትንሽ ላኪልኝ አሉ።»

ረመጡን ገለጥ አደረግኩ። ከሥር ቀይ ነው። በጣሳ አድርጌ፣ ዣንጥላ ይዤ ራሴ ወሰድኩላቸው።